ጸበሉን በፀሐይ ያሞቁት እናት፦ የሲስተር ንግሥቴ ይርዳው የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ንግሥቴ ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ባህሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐረግ መለሰ በ1951 ዓ.ም. በመካነ ሰላም ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በመካነ ሰላም ተከታትለው፣ ደሴ በነርስነት ሠልጥነው፣ በ1972 ዓ.ም. በወረኢሉ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በሥራ ቀልድ አያውቁም ነበር፤ መርፌ የሚፈራ ጎልማሳ ሲገጥማቸው ግን ስቀው አይጠግቡም።

በ1974 ዓ.ም. ከመምህር ብዙነህ አለኸኝ ጋር በተክሊል ተጋብተው ይሄነውንና የኔአለምን ወለዱ። ይሄነው ገና በሕፃንነቱ እጅና እግሩ ያብጥ፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆን፣ አጥንቱን ይቆረጥመው ጀመር። ቁርጥማት ነው ተባለ፤ ሲስተርም አመኑ። እንደ አገሩ ወግ ጎሕ ሲቀድ ጸበል ያስጠምቁት ነበር። የኅዳር ውርጭ ያደረበት ውኃ ግን ሕመሙን አባሰበት። ይሄነው በ1982 ዓ.ም. በስድስት ዓመቱ አረፈ።

ብዙ ሳይቆይ ያው ሕመም የኔአለምን ጀመራት። ሲስተር እሷንም ላለማጣት አዘሏትና አዲስ አበባ ገሰገሱ። በደም ምርመራ ሲክል ሴል የሚባል፣ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ፣ ቀይ የደም ሴልን እንደ ማጭድ የሚያጣምም በሽታ መሆኑ ታወቀ። በደጋው አገር እምብዛም ስላልተለመደ ሐኪሞቹም ተገረሙ። ብርድ ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ ሲስተር የሰሙት ያን ዕለት ነው። እኛ ቤተሰቦቻቸው ብንመክራቸውም ለብዙ ጊዜ አልተጽናኑም።

በ1986 ዓ.ም. ወደ መካነ ሰላም ተዛውረው እንደ የኔአለም የሚታመሙ ሕፃናትን ይፈልጉ ጀመር። እሳቸውም አማኝ ነበሩና ማንንም ጸበል ተዉ አላሉም። ይልቁንም ለእነዚህ ልጆች የሚሆነው ጸበል ቀደም ብሎ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ እንዲሞቅ አጥማቂውን መምሬ ሙላውን ለመኑ። መምሬም፣ "ይሙቃ፣ እቴ! በረከቱ እንደሁ አብሮ አይተንም" አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጸበል የታመመ ሕፃን በውርጭ ተጠምቆ አያውቅም።

በ2009 ዓ.ም. የሕፃናት ሐኪሞች ስለ በሽታው ለማጥናት ወደ አካባቢያችን ሲመጡ፣ ደማችንን ሊሸጡት ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሲስተር በገበያ ቀን ሰው መሐል ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰብስበው ደም ሰጡ። ወይዘሮ ፊርደውስ የምትባል ጎረቤታቸውም፣ "ወላሂ፣ ሲስተር የሰጡትን እኔም አልከለክልም" ብላ የታመመ ልጇን አመጣች። ሌላውም ተከተለ። በጥናቱ የተለዩት ሕፃናት ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለውን መድኃኒት በቋሚነት ማግኘት ጀመሩ፤ ብዙዎቹም ከአልጋ ተነሥተው ትምህርት ቤት ገቡ። ሲስተር ጡረታ ከወጡም በኋላ መድኃኒቱን ያቋረጠ ቤተሰብ ካለ ደጁ ድረስ ሄደው ሳይቆጡ አይመለሱም ነበር።

ባለቤታቸውን በሞት ከተነጠቁ በኋላ ባደረባቸው የጨጓራ ካንሰር በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አርፈዋል። ልጃቸውን መምህርት የኔአለም ብዙነህን እና አንዲት የልጅ ልጅ ትተውልናል።

ሲስተር ንግሥቴ በጸሎታቸው ለራሳቸው የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር፦ ልጄ ትቅበረኝ እንጂ እኔ አልቅበራት። ዛሬ የኔአለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እናቷን ልትቀብር በመካከላችን ቆማለች።

ይህን ልመና የሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ተቀብሎ ከይሄነው ጋር ያገናኝልን። አሜን።