በአንድ ቀጭን መስመር የተሰረዘች ትኩሳት

ከማሌ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በመቃብር አጠገብ የሚያልፍ ሰው በውስጡ ላሉት ሰላምታ ሳይሰጥ ማለፍ የለበትም ትል ስለነበር ደብዳቤዬንም በሰላምታ ጀመርኩ። ከሄድክ ሁለት ዓመት አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ተጣልተን ስለነበር ነው። በሕይወት ያለ ከሟች ጋር እንዴት ይጣላል እንዳትለኝ። በሕይወት ሳለህም የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በማስረጃ። ይሄም ጠብ ከዚያው የቀጠለ ነው፤ አሁን ስላለቀ ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን። ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው መንገዳችን ሲሰፋ የፊት አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ። የፈተና ወረቀት የምታርምባት የአቮካዶ ዛፍ ከአጥር ውጭ ቀረች፤ አላፊ አግዳሚው ፍሬዋን ይለቅማል፣ እኔም አልከለክልም። የምግብ ጠረጴዛችን ግን እንዳለ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሽ ያንተና የሮም መጻሕፍትህ፣ በጓዳው በኩል ያለው ግማሽ የኔ። ያንተን ግማሽ አላነሣሁትም። እንግዳ ሲመጣ ዛሬም ሰሃኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላል።

የጅማ ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር፣ ሮማውያን ምን ይበሉ እንደነበር፣ እንዴት ይታጠቡ እንደነበር፣ ሬሳቸውን እንዴት ይሸኙ እንደነበር ሲመረምር ዕድሜውን መጨረሱ ሰዉን ሁሉ ይደንቀው ነበር። እናትህ ዘንድ የቡ ስንሄድ ጎረቤቶቻቸው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጡ ሮማውያን ቡና ነበራቸው ወይ ብለው ይጠይቁህ ነበር። የለም ስትላቸው፣ ያለ ቡና ነው ያን ሁሉ አገር የገዙት እያሉ ይስቁብሃል። አብረህ ትስቃለህ። ጥያቄው በእውነት አሳስቦህ እንደነበር እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

የኔ ጥናት ከዚያ የራቀ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ የትኩሳትን መነሻ ማጣራት ነው ሥራዬ። ያተኮሰው ሰው ሁሉ ወባ የያዘው አይደለም የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደለፋሁ ታውቃለህ። አንድ ጠረጴዛ ላይ እየሠራን የሁለታችን ነገር ተገናኝቶ አያውቅም ነበር፤ ሮማውያን ትኩሳትን አምላክ አድርገው ቤተ መቅደስ እንደሠሩላት እስክታነብ ድረስ። ያን ቀን እያለከለክ ላብራቶሪ መጣህ። ጥበቃው በር ላይ ቢይዝህ ከውጭ ሆነህ፣ ሰሚራ፣ ያንቺ ሙያ እኮ ቤተ መቅደስ ነበረው ብለህ ጮህክ። ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ያነሡታል። እናትህ አዴ ፋጡማ ግን ወሬውን ሲሰሙ አስተግፊሩላህ ብለው፣ ሰው እንዴት ለበሽታ ይሰግዳል ልጄ ብለው አዘኑ።

ከዚያ በኋላ የመጽሐፍህን የትኩሳት ምዕራፍ መጻፍ ጀመርክ። የሮም ሐኪሞች በሦስተኛው ቀን ስለምትመለስ ትኩሳት የጻፉትን ከኛ አገር ወባ ጋር ልታስተያይ ስትል፣ ወንዝ ዳር ያሉ ታማሚዎችን ለማነጋገር አሰንዳቦ ተመላለስክ። ከዚያ መልስ አንተው ራስህ አተኮሰህ። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራል፤ አንተ ግን ደስ አለህ። ብርድ ልብስ ተከናንበህ እየተንቀጠቀጥክ ፊትህ ላይ የነበረውን ብርሃን አልረሳውም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ ገጽ ውስጥ ራስህን ያገኘህ መሰለህ።

ምሁር ካልሆነ በስተቀር ማንም የማይሳሳተውን ስህተት ተሳሳትክ። በሽታህን ወደድካት። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ይኸው አልኩሽ ትላለህ፤ ሳይመጣ ሲቀር ዛሬ ዘግይቷል ትላለህ፤ በማግስቱ ሲመጣ ደግሞ ቸኮለ። ደምህን በገዛ እጄ የመመርመሪያ ስስ ብርጭቆ ላይ ቀብቼ በማይክሮስኮፕ መረመርኩት። ወባ የለም አልኩህ። ደጋግሜ መረመርኩት፤ የለም። መሣሪያሽ አያይም አልከኝ። ሌሊት ሌሊት አንሶላው በላብ ይርስ ነበር፤ ሱሪህ ከወገብህ እየወረደ ነበር፤ አንገትህ ላይ ያበጠችው ንፍፊት ስትነካ እንኳ አታምህም ነበር። ይሄ ወባ አይደለም ብዬ ለመንኩህ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩም። አንተ ግን እየጻፍክ ነበር። ምዕራፉንም በዚህ ዘጋኸው፦ «በሦስተኛው ቀን የምትመለሰው የሮማውያን ትኩሳት ይቺው የኛ ወባ እንደሆነች በራሴ ሰውነት አረጋግጫለሁ፤ ምርመራ ቢክዳትም ሰውነት አይዋሽም።»

ሆስፒታል ልንወስድህ መኪና ላይ ደግፈን ስናስገባህ እናትህን ዞር ብለህ አየሃቸውና፣ አንድ ነገር ብሆን መጽሐፌን አትንኩት፣ እንዳለ ይታተም አልካቸው። ከንፍፊቷ የተወሰደው ናሙና ውጤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የንፍፊት ካንሰር። የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግኩም። ጣራውን እያየህ፣ ታዲያ እነዚያ ሮማውያን ምን ያውቁ ነበር አልክ። ፈገግ ያልክ መሰለኝ። ስለ መጽሐፉ ሌላ ቃል ሳትናገር ሄድክ። ቀድመን ብንደርስበት ትድን ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። አላውቅም። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ሙያዬ ነው፣ ቢያንገበግበኝም።

እንግዲህ የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ለማተሚያ ቤት ደርሷል፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን መጨረሻው ገጽ ላይ ተቀምጣለች። ብሰርዛት ያንተን አደራ በላሁ። ብተዋት ውሸት መሆኑን የማውቀውን ነገር፣ ያውም ስንት ዓመት የታገልኩትን ነገር፣ በባሌ ስም አሳተምኩ። አዴ ፋጡማ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። የሞተ ሰው ቃል አማና ነው፣ ልጄ ተመልሶ ስለማይከራከርሽ ነው ወይ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የቡ በሄድኩ ቁጥር ቡናው ደረሰ አልደረሰ ብቻ እያወራን እለያይ ነበር። እንደ እናቴ የማያቸውን ሴት ልቀየም ምንም አልቀረኝም ነበር።

በሙት ዓመትህ ሰደቃ ላይ የድሮ ተማሪዎችህ ያን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አድርገው ለሰው አደሉት። በደግ ነው ያደረጉት። አንዱ ኮፒ አሰንዳቦ ሱቅ ላለው ለአጎትህ ልጅ ለነዚፍ ደረሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ በአሰንዳቦ ሳልፍ ጎራ ብል ነዚፍ ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ጋቢ ለብሶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ተቀምጧል። ምነው ስለው፣ ሜ፣ እባክሽ ተይኝ ሰሚራ፣ ያቺ የከማል የሦስት ቀኗ ናት አለኝ። ከመድኃኒት ቤት የወባ ክኒን እየገዛ ይውጣል። ተመርመር ብለው፣ ከማል በሰውነቱ አረጋግጦ የጻፈውን አንቺ በብርጭቆ ልታፈርሺው ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ሲስቅ አንገቱ ላይ ያበጠውን አየሁት። አንተን እንደገና ያየሁ መሰለኝ።

ሱቁን አዘግቼ ጅማ አመጣሁት። መንገዱን ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። ሲመረመር ካንሰር አልሆነም፣ አልሐምዱሊላህ፤ ቲቢ ነው፣ የሚድን። መድኃኒቱን ጀመረ። ቀለሙ ሲመለስ እናትህን ሊጠይቅ የቡ ሄደ፤ እኔም ነበርኩ። አዴ ፋጡማ አጠገባቸው አስቀመጡትና ጣቶቻቸውን ወደ አንገቱ ሰደው እብጠቷ የነበረችበትን ቦታ ሲዳስሱ ቆዩ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ ዱጋን ኒ ቀላቲ መሌ ሂን ጨብዱ አሉ፤ እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም። እኔም ከዚያ በላይ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። አለቀስን።

የማደርገውን ግን አሁንም አላወቅኩም ነበር። የመለስክልኝ አንተ ነህ። ጠረጴዛው ላይ ያንተን ግማሽ አቧራ ስጠርግ ሳታርማቸው የቀሩ የተማሪዎች ወረቀቶች፣ ካረምካቸው ጋር ተደርበው አገኘሁ። ስህተትን ደፍጥጠህ አታጠፋም ነበር። በላዩ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ታሰምራለህ፣ ከሥሯ የተሰረዘው እየተነበበ፤ ከጎኑ ትክክለኛውን ትጽፋለህ። ልጁ የሄደበት መንገድ መታየት አለበት፣ ካልታየ ነገ ሌላው ይሄድበታል ትል ነበር። እጅህን ያወቅኩት በዚያች መስመር ነው። ቁጭ ብዬ፣ ትል የነበረውን እየሰማሁ ታርም የነበረውን እያየሁ፣ ከመኪናው ደጃፍ ከተናገርከው ቃል ይልቅ ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸውን ላምን ወሰንኩ።

በዓረፍተ ነገርህ ላይ ያቺኑ ቀጭን መስመር ላሰምር እናትህን ሄጄ አስፈቀድኩ። ቃሉ ይነበባል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንድ ፊደል አይጎድልም፣ ይነበባል አልኳቸው። እንግዲያው አማናው ደርሷል አሉ።

ያልፈቀደው ማተሚያ ቤት ነበር። ፊደል የሚለቅሙትን ጋሽ ታደሰን ታውቃቸዋለህ፤ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ናሙና ሳየው መስመሯ የለችም። ቆሻሻ መስሏቸው አጽድተውልኛል። መልሼ ላክሁ፤ በሁለተኛውም የለችም፤ አሁን ደግሞ የተሰረዘ ዓረፍተ ነገር መጽሐፍ ውስጥ ነውር ነው ብለው ከነጭራሹ አውጥተውታል። ሄጄ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ስህተቱን ደጅ ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ደራሲ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው አሉ። መስመሯን በገዛ እጃቸው አስገቡልኝ።

መጽሐፍህ ወጥቷል። ዓረፍተ ነገርህ መጨረሻው ገጽ ላይ ከነመስመሯ አለች። ከሥሯ እኔ ይህን ጨመርኩ፦ «ደራሲው የሞተው በንፍፊት ካንሰር ነው። ትኩሳቷ በሦስተኛው ቀን የምትመጣ መስላ ታየችው። የሚያተኩሰው አንባቢ ይመርመር።» የደራሲው ባለቤት ብዬም ፈርሜያለሁ። ከዚያ በላይ ልጽፍ ብዙ ነገር መጥቶብኝ ነበር፤ መጽሐፉ ያንተ ነው ብዬ ተውኩት። ነዚፍ ሱቁ ውስጥ ከስኳሩ ጎን ደርድሮታል፤ የሚገዛውን ሁሉ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ያስነብበዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሮማውያን ሰው ሲሞት የቅርብ ዘመዱ ስሙን ደጋግሞ ይጠራው ነበር ብለህ የነገርከኝን ታስታውሳለህ? ግማሹ ልቅሶ ነው፣ ግማሹ ምርመራ፤ ከመለሰ አልሞተም ማለት ነው ብለህ፣ የዚህን ያህል ርካሽ ምርመራ አንቺ አለሽ ወይ ብለህ ቀለድክብኝ። ያን ጠዋት ትንፋሽህ ቆሞ ነርሷ ደረትህን ስታዳምጥ፣ ከማል ብዬ ጠራሁህ። ከማል። ከማል። ሰዎቹ ይዘው አወጡኝ፣ ሐዘን መስሏቸው። ምርመራም ነበር። ከመረመርኩት ሁሉ ውጤቱን ልቀበለው ያልቻልኩት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪ ውስጥ አዲስ ልማድ አውጥቻለሁ። ናሙና ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ አላይም፤ ወደ በሩ ወጥቼ ስሙን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ባልደረቦቼ እንግዲህ ሰሚራ እንደ ባሏ ልትሆን ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ከየቡ የመጣ ሰው ደም ነበር። ወጣሁና፣ ከማል አልኩ። ከመጠበቂያው ወንበር አንድ ሰው፣ አቤት አለ።

በሩን ይዤ ቆምኩ። ሰውየው ያልሰማሁት መስሎት ደግሞ፣ አቤት እህቴ አለኝ። ገብቼ መረመርኩት። ወባ ነበር ከማሌ፣ እውነተኛዋ፣ በብርጭቆው ላይ ቁልጭ ብላ የምትታየው። መድኃኒቱን ይዞ በእግሩ ሄደ፤ ኢንሻአላህ ይድናል።

አላህ ይርሐምህ። ካንተ መልስ አልጠብቅም፤ ውጤቱን አሁን ተቀብያለሁ። መጥራቴን ግን አልተውም።

ሰሚራህ