የሲፈን ፊደል

ሰኞ

ዳኜ ዛሬም በለጠኝ። ርዕሰ መምህራችን ነው። ፊት ለፊት «አቶ ዳኜ» እለዋለሁ፣ እዚህ ግን አልልም። ሲፈንን ከእኔ ክፍል አውጥቶ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሊመልሳት ነው። ዓርብ ይወሰናል።

እስከ ገና ድረስ የምናስነብበው በድሮዎቹ ወረቀቶች ነበር። ፊደላቸው ወፍራም፣ ሰፋ ሰፋ ያለ። ሲፈን እነሱን ጥርት አድርጋ ታነባለች። ከበዓል መልስ ዳኜ አዲስ አሳተመ፤ ፊደሉ ቀጭን፣ የተጨናነቀ። እሱ ላይ ሉ፣ ሊ፣ ላ ይምታቱባታል። ትቆማለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። እናቷ ዓይኗን ሐኪም ጋ ወስዳ አሳይታለች፣ ጤነኛ ነው ተብሏል። አጉልቼ ኮፒ አደረግኩላት፣ ምንም ለውጥ የለም። በእጄ ጽፌ ስሰጣት ግን አነበበች።

«የእጅ ጽሑፍሽን ለምዳው ነው» አለ ዳኜ። «የድሮዎቹንም በቃሏ ይዛቸው ነው። ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ፣ አማርኛው ከየት ይምጣ?»

ሲፈን በሁለቱም ቋንቋ ትሳደባለች። ጆሮዬ ምስክር ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ቢሮው ገባሁ። «አይታው የማታውቀው ጽሑፍ በድሮው ፊደል ታትሞ ብታነብስ?» አልኩት።

«የድሮው ፊደል ስሙ ማን ነው?» አለ እየሳቀ።

አላውቅም። ማንም አያውቅም። ፋይሉ ከተበላሸው ኮምፒውተር ጋር ጠፍቷል። ታሪኮቹን ጽፎ ለማተሚያ ይወስድ የነበረው መምህርም ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል።

«ለማንኛውም ጽሑፉን የምሰጥሽ እኔ ነኝ» አለና እዚያው ስለ ጅብና ስለ አህያ ግማሽ ገጽ ጻፈልኝ። ሆን ብሎ «ተንጠራራ»፣ «አፈገፈገ» የሚሉ ቃላት ሰገሰገበት። ይሁን።

የአንዱን ወረቀት ፎቶ መምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። አንዱ «ዝም ብለሽ አስተምሪ» አለ። አንዷ ፊደል የሚለይ አፕ ላከችልኝ። አፑ አርመንኛ ነው አለኝ።

ረቡዕ

ከሥራ በኋላ ጉርድ ሾላ። የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። የመጀመሪያው ሰውዬ «አማርኛ ሁሉ አንድ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ወረቀቱን ሳያየው መለሰልኝ። ሌላው ጋ ያለው ወጣት ግን ታገሠኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የአማርኛ ፊደል ሁሉ እየቀያየረ አሳየኝ። አንዱ ላይ አገኘነው አልኩ። ጎን ለጎን አስተያየነው። የእኛ ወረቀት «ዐ» እንደ ብርቱካን ክብ ነው፣ የሱ እንቁላል ይመስላል። የእኛ «ሉ» ቅጥያው ከወገቡ ረዘም ብሎ ይወጣል፣ የሱ እዚያው ተለጥፏል።

«ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ በጣም የድሮ መሰለኝ» አለኝ።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱን ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት። ዳኜን መሆኑ ነው።

ሐሙስ

ሰፈራችን ፈረንሳይ፣ መውጫው ላይ፣ የዕድር ማስታወቂያ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ሁልጊዜ ሳላነበው ነው የማልፈው። ዛሬ «ዕድር» የምትለው ቃል ያዘችኝ። የብርቱካን ክብ። ተጠጋሁ። የ«ሉ» ቅጥያም ያው፣ ከወገብ ረዘም ያለው። ቆሜ ስቀር አንዲት መንገደኛ ሰው የሞተብኝ መስሏት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላኝ አለፈች። አሜን አልኩ፣ ምን ልበል?

የዕድሩን ጸሐፊ ደውዬ ጠየቅኩት። ማስታወቂያው ወሰን ሰፈር፣ ወይዘሮ የሺ የምትባል ሴት ማተሚያ ቤት ነው የተሠራው። ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። የሺ ጠና ያለች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። የትምህርት ቤቱን ወረቀት ገና ስታየው አወቀችው።

«ይሄማ የእኔ ሥራ ነው። ማን ላከሽ?»

የትምህርት ቤቱን ስም ስነግራት ወረቀቱን ገፋ አደረገችው።

«ለዳኜ አንድ ነጥብ አልጽፍም። ስንት ዓመት አሠርቶኝ፣ አንድ ቀን ደህና ሁኚ እንኳ ሳይል ሥራውን ለሌላ ሰጠ።» ለካ ዳኜ የት እንደታተመ ያውቅ ነበር።

«ለሱ አይደለም እትዬ» አልኳት፣ «በሱ ላይ ነው።»

ያኔ ወንበር ሳበችልኝ። ሲፈንን ነገርኳት። ጥግ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ከፈተች። ከአዲሶቹ አልስማማ ስላለ ፊደሉ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ስሙን በዓይኔ አየሁት፦ «ማኅሌት»። ሦስት ቀን ሙሉ ስም የለውም የተባልኩት ነገር ስም አለው። የጅቡን ታሪክ ጽፋ አተመችልኝ።

«ካነበበች ደውይልኝ» አለች። «ካላነበበች አትደውይ።»

ዓርብ

ዳኜ ቢሮ። እሱ፣ የታችኞቹ ክፍሎች ኃላፊ የሆነችው ዩኒት መሪዋ፣ እኔ፣ ሲፈን። እናቷ ሌንሴ በር ላይ ቆማለች፤ ግቢ ያላት የለም።

ሲፈን ጣቷን ፊደሉ ላይ አስቀምጣ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው። «ተንጠራራ» ላይ ተደናቀፈች፣ ተመልሳ ያዘችው። «አፈገፈገ»ን ሳትቆም አነበበችው። ስትጨርስ ዳኜ «አፈገፈገ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። ተነስታ ወደ ኋላ እየተራመደች አሳየችው። ዩኒት መሪዋ ሳቋን ያዘች።

ዳኜ በዚያ አላበቃም። ያንኑ ታሪክ በአዲሱ ፊደል አሳትሞ አዘጋጅቶ ነበር። ሰጣት። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች፤ አሁን ያነበበችውን ታሪክ። ልታለቅስ ስትል ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩት።

«ታዲያ ዓለም በሙሉ በአንቺ ፊደል ሊጻፍላት ነው?» አለኝ።

ጥያቄውን የጠላሁት ትክክል ስለሆነ ነው። «ቀስ በቀስ አለማምዳታለሁ። አታነብም ግን አይበሉ፤ ሰምተዋል» አልኩት።

ዩኒት መሪዋ «እዚሁ ትቆይ» አለች። ዳኜም «ለጊዜው» አለ። ስወጣ ደግሞ «የትምህርት ቤቱን ጉዳይ በየማተሚያ ቤቱ ስለማዞርሽ ሰኞ እንነጋገራለን» አለኝ። በሳቅ ነው ያለው። ሳቁን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ዓመት አንዲት የሒሳብ መምህርት ከሥራ ሲያሰናብት የሳቀው ነው።

ለየሺ ደወልኩላት። «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ

አዲሶቹ ወረቀቶች ላይ ያሉትን ሌሎቹንም ታሪኮች በ«ማኅሌት» ላሳትም ከሌንሴ ጋር ወሰን ሄድን። የሺ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ለትምህርት ቤቱ አልሠራም ብያለሁ።»

«ለክፍሌ ልጆች ነው እኮ።»

«ደመወዝሽን የሚከፍልሽ ማን ነው?» አለችና ፊቷን ወደ ሌንሴ አዞረች። «አንቺስ፣ ምን ላትምልሽ?»

ሌንሴ እኔንም እሷንም አየች። «ለልጄ ማንበቢያ» አለች።

«ግቢ፣ ተቀመጪ።»

እኔ ውጭ፣ ጎረቤት ያለው ጋራዥ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩ። ሴትዮዋን ላመሰግናት ይሁን ልጣላት አላውቅም።

ሌንሴ ወረቀቶቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ትኩስ ናቸው።

«ቲቸር፣ ሰኞ ይዛቸው ትምጣ? ወይስ ይቀሟታል?»

«ይዛ ትምጣ» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።