ደክሞታል ለሚሉት ሽማግሌ

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፤ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ለትምህርት ቤታችን የፊልም ክበብ በፈረሰኛ ጦርነት ፊልሞቹ የታወቀውን ታላቅ ጃፓናዊ ዳይሬክተር የእርጅና ዘመን ፊልም አሳየሁ። ፈረስ የለ፣ ጦርነት የለ፤ አንድ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። እኔ እንባዬ መጣ፤ አዳራሹ ግን ግማሹ ባዶ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ፣ «ሰውየው ደክሞታል። የድሮዎቹን የጦርነት ፊልሞቹን አሳዪ፤ አለዚያ የአዳራሹን ቁልፍ መልሺ» አለኝ።

ደክሞታል? የቅኔ መምህሩ አባቴ ረጅም የመወድስ ቅኔ ሲዘርፉ ኖረው፣ በመጨረሻ የሚቀኙት ጀማሪ የሚለማመድባትን ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ብቻ ነበር። ደከሙ ያላቸው የለም፤ ሊቃውንቱ ቆመው ነበር የሚሰሟቸው።

የፊታችን ሐሙስ ያንኑ ፊልም ደግሜ አሳያለሁ። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ፤ የሚደፍር መጥቶ ይበጥሰው።