ሳህኑን የጣሉት እትዬ እንደገና

እህቴ በ1952 ዓ.ም. ከአናጢ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በ1974 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው በሕፃናት ሆስፒታል ተቀጠሩ። ያለቀ ሥራ ደግመው ስለሚያዩ ባልደረቦቻቸው «እትዬ እንደገና» አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። በ1978 ዓ.ም. ሰዓት ጠጋኝ ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው፣ በር መቆለፉን ሦስቴ ከምታረጋግጥ ሴት ጋር መኖር ሰዓት ከመጠገን ይከብዳል እያሉ ያስቁን ነበር።

ደረታችን ውስጥ ቲመስ የሚባል እጢ አለ። ከበሽታ የሚከላከሉን ቲ-ሴሎች የሚያድጉት እዚያ ነው። እያንዳንዱ ሴል ባዕዱን ከራስ የሚለይበት ተቀባይ አለው፤ ያም እዚያ ይፈተናል። የገዛ አካሉን ሊያጠቃ የሚቃጣው ይወገዳል፣ ምንም የማይለየውም አያልፍም። ይህ እጢ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። እህቴ በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ከሌሎች ሕፃናት የሚወጣውን ቲመስ በስሱ ቆርጠው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ በሳህን ተንከባክበው፣ ለእነዚያ እንዲተከል ያዘጋጁ ነበር። ፈታኝ ነዎት ወይ ሲባሉ፣ የፈተና ጣቢያው ዘበኛ ነኝ ይሉ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. የእኔ ልጅ ያለ ቲመስ ተወለደች። ድርብ በር ካለው ክፍል አትወጣም። እጃችንን ከመታጠብ ብዛት ቆዳችን ተሰነጠቀ፤ እናቷ ስታስነጥስ ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር። የሚተከልላት ተገኘ ተባልን። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን እህቴ በጓንታቸው ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር አይተው፣ ተበክሎ ይሆናል ብለው ሳህኑን በሙሉ ጣሉት። ዝም ቢሉ የሚያውቅ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ከዚያው ሳህን ለምርመራ የተላከው ናሙና ውጤት ንጹሕ ሆኖ መጣ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ብዬ ጮህኩባቸው፣ ልጄን ገደልሻት አልኩ። እሳቸው «ያንተ ልጅ ናት ብዬ የማልፈው ጥርጣሬ የለም» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ገቡ።

ሌላ እስኪገኝ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ያንንም ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ከተተከለ በኋላ በየሳምንቱ ደም ይቀዳል፣ በየሳምንቱ ምንም የለም። በስድስተኛው ወር ሴሎች ታዩ። ገና ደስ ሳይለን ገላዋ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ሴሎቹ ራሷን መለየት ሳይማሩ ሊጨርሷት ነው ብለን ደነገጥን። እህቴ ከሥራ ሲወጡ ከክፍሏ መስታወት ውጭ ቆመው ሽፍታውን ይቆጥሩ ነበር፤ እኔ ግን እያየኋቸው ሰላም አልላቸውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠፋ።

አምና ጉበታቸው ታመመ። ውጤቱ ሲነገራቸው እንደገና ይታይልኝ አሉ፤ ታየ፤ ያው ሆነ። መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄዱ። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ብንነጋገርም ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ ዛሬ ነገ ስል አመለጡኝ።

አምላክ ነፍሳቸውን ከሥጋት ሁሉ ያሳርፍልን። ይህን የጻፍኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። እስካሁን ስታነብላችሁ የቆየችው ግን ያቺው ልጄ ናት።