የራምፑ ስፋትና የአባዬ በር

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? እንቅልፍህ ተመለሰልህ ወይ? ምግብ ሲቀርብልህ "በቃኝ፣ በቃኝ" እያልክ እማዬን ታስቸግራታለህ አሉ፤ እውነት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ብቻ አንዳንዴ ድንገት ይመጣብኛል። በስልክ ስናወራ ሁላችሁም እየተሻማችሁ ስለምትጮሁ የረባ ነገር ሳልነግርህ ይዘጋል። ዛሬ ግን ተረጋግቼ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራዬ መቼም የሰው ሕንፃ እየዞሩ መለካትና መነዝነዝ ነው። ሰሞኑን አንድ አዲስ ጤና ጣቢያ ሊከፈት ሲል የመጨረሻውን ፍተሻ እንዳደርግ ላኩኝ። ቀለሙ ደርቋል፣ አልጋው ገብቷል፣ የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተደግፎ "መቼ ነው የሚከፈተው?" ይላል። እኔ ግን ራምፑ ጋ ስደርስ እግሬ ተያዘ። ራምፕ የምንለው ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚሠራውን ዘቅዘቅ ያለ መወጣጫ ነው። ግራና ቀኙ ግድግዳ አለው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ላይና ታች ሁለት ረድፍ የእጅ መደገፊያ ብረት ተገጥሞበታል። ከግድግዳ ግድግዳ ስለካው ልክ ነው። ከብረት ብረት ስለካው ግን ይጎድላል።

ኮንትራክተሩ ሳቂታ ሰው ነው። "እህቴ፣ ደንቡን አንብቢው እንጂ" አለኝ። አንብቤዋለሁ። ደንቡ የመወጣጫው ስፋት ከዘጠና ሳንቲሜትር አይነስ ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ መደገፊያው በየጎኑ እስከ አሥር ሳንቲሜትር ከግድግዳው ወደ መንገዱ ወጣ ቢል ይፈቀዳል ይላል። እሱ "ከተፈቀደ ተፈቀደ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ "ብረቱ ይውጣ ተባለ እንጂ የሰውን መንገድ ይብላ አልተባለም" አልኩት። አባዬ፣ ጭንቁ ይኼ ነው፤ ነገሩ በሁለቱም በኩል ይነበባል።

አለቃዬ ረጋ ያለች ሴት ናት። "ያነበብሽውን ጽፈሽ ፈርሚበት፤ ለምን እንደዚያ እንዳነበብሽው ግን ደንቡን የሚተረጉመው ኮሚቴ ፊት አስረጂ" አለችኝ። ደንቡ ለደረጃም ያንኑ "ስፋት" የሚል ቃል ነው የሚጠቀመው፤ ደረጃ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ከግድግዳ ግድግዳ ለክተን እናልፋለን። "እዚህ ለምን ታከርሪያለሽ?" ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ከተሳሳትኩ በእኔ ግትርነት ሕመምተኛ ደጅ ይጠናል። ዝም ካልኩ ደግሞ አንዴ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያንን ብረት ማንም አይነካውም።

በነጋታው ተመልሼ ሄድኩና ከዕቃ ክፍሉ አንድ ዊልቸር አስወጣሁ። ቁጭ ብዬ ራሴን እየገፋሁ ራምፑን መውጣት ጀመርኩ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጥለው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። መሃል ላይ ዊልቸሩ ትንሽ ዘመም ሲል ጣቶቼ ብረቱ ላይ ተፋቁና ሳቁ በዚያው ቀረ። ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ደረጃ የሚወጣ ሰው ብረቱ ወገቡ ጋ ነው፤ ከላዩ ትከሻው፣ ከሥሩ እግሩ እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ። የተቀመጠ ሰው ግን እጁም ክርኑም የሚሠሩት ብረቱ ባለበት ከፍታ ነው። ለቆመ ሰው ትርፍ የሆነው ቦታ ለእሱ መንገዱ ራሱ ነው።

ለኮሚቴው ይህንኑ ነገርኳቸው። አንድ ሸምገል ያሉ መሐንዲስ "ደንቡ ይህን አይልም" አሉኝ። "ስፋት ብሏል፤ የማን ስፋት እንደሆነ ነው የምጠይቀው" አልኳቸው። ሲከራከሩ ቆይተው በመጨረሻ ራምፕ ላይ ልኬቱ ከብረት ብረት ይሁን ተባለ። የኮንትራክተሩ ፊት ጠቆረ። የውጭው አጭር ግድግዳ ፈርሶ ወዲያ ተገፋ፤ መክፈቻውም ተራዘመ። ልጅ ያዘለች አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁማ "አንቺ ነሽ አሉ ያስዘጋሽብን" ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ተከፈተ። ኮንትራክተሩ ማንም ሳይጠይቀው ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ ሽቅብ ወጣና "እህቴ፣ ክርኔም አልነካ!" ብሎ ጮኸልኝ።

አባዬ፣ ጣቴ ሲፋቅ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። በዊልቸር ስታልፍ የመኝታ ቤቱ በር መቃን እጅህን እየላጠው እማዬ በጨርቅ እንደምትጠቀልልልህ ነግራኛለች። ወንድሜ መጋዝ ይዞ ቢመጣ "በእጄ የሠራሁት በር በሕይወት እያለሁ አይነካም" ብለህ አባረርከው አሉ። አልፈርድብህም፤ እንዳንተ ያለ አናጺ እጅ የነካው በር ነው። ግን አንተ ቆመህ በምትሄድበት ጊዜ የለካኸው በር ነው። ወንድሜን ካባረርክ በኋላ ለእማዬ "እሷ ራሷ መጥታ ከለካችው፣ ያኔ እናያለን" ብለሃታል አሉ። በሩን ነው ወይስ እኔን የፈለግከው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝም። በመጪው ወር መጨረሻ እመጣለሁ። መጋዙን እኔና ወንድሜ እንይዛለን፤ አንተ አጠገባችን ሆነህ "ጠመመ! ቀስ በሉ! ማን ነው እንዲህ ያስተማራችሁ?" እያልክ ተቆጣን። እስከዚያው ከደብዳቤው ጋር የላክሁልህን የቆዳ ጓንት አድርግ፤ ወጣት አስመሰለኝ ብለህ ደግሞ እንዳትኮራብን።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ወንድሜን መጋዙን እንዲሞርድ ንገርልኝ፤ ሚስቱንም ናፍቀሻታል በላት። ትንሿ የወንድሜ ልጅ ጭንህ ላይ ወጥታ ዊልቸሩን "ንዳው" እያለች ታስቸግርሃለች አሉ፤ እሷን ግምባሯን ሳምልኝ። አንተን ግን ማንም እንዲስምልኝ አላዝዝም። ራሴ መጥቼ እስምሃለሁ።

የምትወድህ ልጅህ

ከኪራይ ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
እሁድ፣ ግንቦት 11 ቀን