ቀይዋ ነጥብና የጫኖ ሙዝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 2010፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ከጫኖ ማሳዬ አሁን ገባሁ። እግሬ ጭቃ፣ ሆዴ ንዴት። ነገ ሙዝ ይጫናል። ዛሬ ማሳውን ዞሬ ሳይ በቦዩ በኩል የነበሩት ትልልቆቹ ዘለላዎች የሉም። በስለት ተቆርጠዋል። ዝንጀሮ ቢላዋ አይዝም። ኦይቻን ጠየቅኩት። የማሳው ጠባቂ ነው፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከጨንቻ አምጥቶ የቀጠረው፣ እዚያው ጎጆ ሠርቶ ከነልጆቹ የሚኖር። አላየሁም አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ያላየ ሰው መሬት መሬት ምን ያሳየዋል?

እኔ ግን አይቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከቦዩ ማዶ። ዘለላ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሲሄድ። ቁመቱ የሱ። ጉብጠቱ የሱ። ብጣራው ዝም። ዛሬውኑ ለአገር ሽማግሌዎቹም በዓይኔ በብረቱ አየሁት ብዬ ተናግሬያለሁ። ቅዳሜ ይቀመጣሉ። ከፈረዱበት ጎጆውን ነቅሎ ይሄዳል። ሌባ የተባለን ሰው ደግሞ ጫኖ ውስጥ ማንም ጠባቂ አያደርገውም። የራሱ ጉዳይ!

ልጄ ማርታ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ እያለች ትነዘንዘኛለች። የማን ወገን እንደሆነች እንጃ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ደብተሬ። የመሣሪያ ፈቃዱም ከፖ/ጣቢያ ወጥቶልኛል። ለአንድ ሽጉጥ ብቻ። ነገ እመርጣለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ጭነቱ አለቀ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ከተማ፣ ሲቀላ፣ አቶ ደምሴ ጋ። የድሮ መቶ አለቃ፣ ዛሬ ፈቃድ ላለው ሰው መሣሪያ ይሸጣል። ፎጣ ዘርግቶ ሁለት አስቀመጠልኝ።

አንዱ ራሺያ። አሮጌ፣ ከባድ፣ እጀታው የተላጠ። ለማነጣጠሪያ ከኋላ ስንጥቅ አለው፣ ከፊት ጥርስ። ጥርሱን በስንጥቁ መሐል ካስገባሽ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ሰውየው ላይ ታሳርፊያለሽ አለኝ። ግድግዳው ላይ ባለው የሰው ሥዕል ሞከርኩ። ጥርሱን ሳገኝ ሰውየው ይጠፋል፤ ሰውየውን ሳገኝ ጥርሱ።

ሌላው ቱርክ። አዲስ። ጀርባው ላይ ትንሽ መስታወት ተሰክታለች፤ ሲጫኗት ውስጧ ቀይ ነጥብ ይበራል። እኔ ነጥቧ ሄዳ ሌባው ደረት ላይ የምታርፍ መስሎኝ ነበር፣ ልጆች በገበያ እንደሚያበሩት መብራት። ሳቀብኝ። ነጥቧ ከመስታወቷ አትወጣም፤ የሚያያት ተኳሹ ብቻ ነው። የምትፈልጊው ነገር ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ለኛ ዕድሜ ዓይን ይኼ ይሻላል አለ። ለኛ ዕድሜ! እሱ እኮ አባቴን ያክላል።

መስታወቷን ለብቻ፣ ሽጉጡንም ለብቻ አልሸጥም ይላል። አንድ ላይ ነው የመጡት አለ። ለምን አንድ ላይ? አንዱ የማይሸጥ ቢሆን ነዋ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። ቱርኩን ልሞክረው ብዬ ወሰድኩ። ጥይቱን ግን አልሰጠኝም። እሱም ይጠረጥረኛል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7፣ ጠዋት 4 ሰ.

ተሸወድኩ! ነጥቧ አንድ አይደለችም። ሦስት ናት፣ አራት ናት፣ ጭራም አላት፤ የተበተነ በርበሬ። መስታወቷን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩ። ያው። ባትሪ ገዝቼ ቀየርኩ። ያው። ማርታን እዪው አልኳት። አንድ ነጥብ፣ ጥርት ያለች አለች። ደግመሽ እዪ። አንድ።

መልሼ አቶ ደምሴ ጋ ወሰድኩት። እሱም አየ። አንድ! መቼ ተነጋገሩ? ጭራሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዓይንሽን የታየሽው መቼ ነው አለኝ። እኔን? ከቦዩ ማዶ ሌባ የለየሁትን? የተበላሸ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የገዢን ዓይን ያማል። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። አልተቆጣም። ካልተስማማሽ ራሺያውን ውሰጂ አለ። አሃ! ነገሩ ለካ አሮጌውን ማራገፍ ነው።

ቱርኩን አልመለስኩም። ዛሬ ማታ ማሳው ላይ እሞክረዋለሁ። ቤት ውስጥ ግድግዳ ማየት ምን ዋጋ አለው።

ሐሙስ፣ ምሽት 2 ሰ.

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን ካላነበብከው አልቀየምህም።

12 ሰ. ላይ ያቺው ቦታ ቆምኩ። ነበረ። ከቦዩ ማዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዘለላው በትከሻው።  ከቦርሳዬ ሽጉጡን አወጣሁና አነጣጠርኩ። ቀዩ ሁሉ ጀርባው ላይ ተበተነ። ኦይቻ፣ ቁም! ብዬ ጮኽኩ። አልሮጠም። ደግሜ ጮኽኩ። ወዝወዝ አለ እንጂ አልመለሰልኝም። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር፣ ደብተሬ። ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ሳብኩት። ቀጭ አለ።

ያኔ ከኋላዬ፣ ትንፋሹ እስኪሰማኝ ቅርብ፣

“እትዬ፣ እዚህ ነኝ እኔ። ማንን ነው የምትጠራው?”

ኦይቻ። ዶማ በእጁ። ስታናግረኝ ወንድ ታደርገኛለህ እያልኩ ሁሌ እስቅበት ነበር። ዛሬ አልሳቅኩም። ሽጉጡን አየ። እኔን አየ። ማዶውን አየ። ቦዩን ተሻገረና ያን “ሰውዬ” በእጁ ያዘው። የጎረቤት ሙዝ ነው። ዘለላው ከብዶት ጎብጧል፤ እንዳይወድቅ ባላ ተደግፎለታል፤ ደረቅ ቅጠሉ እንደ ጋቢ ተንጠልጥሏል። በደንብ እንዳየው ወዘወዘልኝ። አልሳቀም። ምነው በሳቀ።

መጀመሪያ ምን አሰብኩ መሰለህ? እኔን ለማታለል ሆን ብሎ ያቆመው ቢሆንስ። ይህን ያሰብኩት ሽጉጡ በእጄ እያለ ነው። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ጥይት ቢኖረውስ? ሙዝ ነበር የምመታው። ሰው ቢሆንስ?

ዘለላዎቹን የቆረጠው ማን ነው ታዲያ? አላውቅም። ከመጀመሪያውም አላውቅም ነበር።

አርብ፣ ኅዳር 8፣ ምሽት 2 ሰ.

ሆስፒታል ሄድኩ፣ ዓይን ክፍል። ፊደል አስነበቡኝ። ላይኛውን አየሁ፣ የቀረውን ገመትኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። የዓይንሽ ፊት ቅርጹ ጎብጧል፣ ለዚህ ነው ነጥብ መብራት የሚበታተንብሽ አለ። ቀኝ ዓይኔ ላይ ደግሞ ሞራ ጀምሯል። ሲመሽ ከሩቅ ያየሽውን አትመኚው አለኝ። መነጽር ታዘዘልኝ። ላምነው አልፈለግሁም። ስወጣ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ አቶ ደምሴ መስሎኝ ሰላም ስለው ነው ያመንኩት።

ቱርኩን መለስኩ። አቶ ደምሴ አሁንም ራሺያውን አነሳ። ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ አልኩት። እሱ ሳቀ። አንዱንም አልገዛሁም።

ለማርታ ሁሉንም ነገርኳት፣ ምላጩን መሳቤን ብቻ አስቀርቼ። አለቀሰች። ቀጥላ መላ አመጣች። ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ምሬዋለሁ በዪ፣ ነገሩ ያልቃል፣ እሱም ጎጆው ውስጥ ይኖራል፣ አንቺም አትዋረጂም። ደስ አለኝ። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። እንዴት እንደምናገረው ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር።

ማምሻውን ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጡ፣ ሰዓቱን ሊነግሩኝ። ሻይ አቀረብኩ። ኦይቻን ይቅር ማለት እንደፈለግሁ ስነግራቸው መረቁኝ። ከዚያ ሥርዓቱን አስረዱኝ። ዱቡሻ ላይ፣ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ሜዳ፣ በዳይ እርጥብ ሳር ይዞ ይንበረከካል። ተበዳይ ይምራል። እዚያ ሐሰት የተናገረ ሰው ላይ ጎሜ የሚሉት እርግማን ይወርድበታል፤ ቤቱም መሬቱም አይቀናም። ኦይቻ ይንበረከካል፣ ልጆቹም ይምጡ ብለናል አሉ።

ጎሜውን አልፈራሁም። እኔ የሰሜን ሰው ነኝ፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እሺ፣ ትንሽ ፈራሁ። ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ኦይቻ ይቅር እንዲባል መጀመሪያ ሌባ መሆን አለበት። ላልሰረቀው ሙዝ ልጆቹ እያዩት ሊንበረከክ ነው። እኔ ደግሞ መሐሪ ልባል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት 2 ሰ.

ለብሻለሁ። ማርታ ባጃጅ ልትጠራ ወጥታለች።

ምሬዋለሁ አልልም። ሳሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ጉልበቴ ቢያመኝም እንበረከካለሁ። ሲቀላ ሙሉ ይሳቅብኝ፣ ሙዝ የከሰሰችዋ ሴትዮ ይበሉኝ። አላየሁትም፣ ማረኝ እለዋለሁ።

ባይምረኝስ? መብቱ ነው። ደግሞ እሱ የሚያውቀው ሽጉጥ መያዜን ነው። ስጮህ ሰምቶኛል፤ ቀጭ ማለቱን ግን የሰማ አይመስለኝም። ጥይት እንደሌለው አላሰብኩም ነበር ያኔ፣ ደብተሬ። እሱ ነው ብዬ ነው የሳብኩት። ይህን ደብቄ ማረኝ ብለው፣ የሚምረኝ ምኑን ነው?

ባጃጁ መጣ። ማርታ እየጠራችኝ ነው። ምላጩን መሳቤን እዚያው፣ በልጆቹ ፊት፣ ልነግረው ነው።