የወንጪ ሴቶችን በየስማቸው የመዘገቡት የአቶ ፈየራ ዲንሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፈየራ ዲንሳ ከአባታቸው ከአቶ ዲንሳ ተሬፋና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለች ነጋሳ ኅዳር 12 ቀን 1936 ዓ.ም. በወንጪ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ዳገት ላይ ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ ከታላላቆቻቸው ፈረስ መጋለብን፣ ከአባታቸው ደግሞ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ አለመስጠትን ተምረዋል።

ፊደል የቆጠሩት በመንደራቸው ነው። በ1945 ዓ.ም. ወደ አምቦ መጥተው ከአክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ትምህርት ቤት ገቡ። በወር አንድ ጊዜ ስንቅ ለማምጣት በእግራቸው ወደ ወንጪ ይወጡ ነበር። መንገዱ ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ ልጆቻቸው ደጋግመው ሰምተዋል፤ ልጆቹ ባደጉ ቁጥር ሰዓቱም አብሯቸው ያድግ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1957 ዓ.ም. ጨርሰው፣ አዲስ አበባ ስድስት ወር የጽሕፈት መኪና ሥራ ከተማሩ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. በአምቦ በአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ባለጉዳይ ቆሞ ሲጠብቅ ማየት ስለማይሆንላቸው፣ ከአክስታቸው ቤት ያመጡት አግዳሚ ወንበር ለብዙ ዓመታት ከመዝገብ ቤቱ በር ላይ አልተነሣም።

በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ጉደር ከተላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዷ ወ/ሪት ውባየሁ ጥሩሰው ነበሩ። አቶ ፈየራም የገበሬ ማኅበር አባላት ሲመዘገቡ በአስተርጓሚነት እንዲረዱ ከጽሕፈት ቤቱ ተልከው ነበር። ኦሮምኛ የማያውቁት ወ/ሪት ውባየሁ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አባላቱን በአክብሮት ሲጠራ የሰሙትን ሁሉ ስለ ጻፉ፣ ሠላሳ አንድ ገበሬዎች “ኦቦ” በሚባል ስም ተመዘገቡ። አቶ ፈየራ መዝገቡን አገላብጠው፣ “እህቴ፣ የጉደር እናቶች ስም አልቆባቸው ነው እንዴ? ኦቦ ማለትኮ አቶ ማለት ነው” አሏቸው። ወ/ሪት ውባየሁ ተቆጡ፤ ቁጣው ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም።

ወ/ሪት ውባየሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ በአምቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጂኦግራፊ መምህርነት ተመደቡ። ሚያዝያ 1970 ዓ.ም. በወንጪ ጋብቻቸውን ፈጽመው በ1971 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ነጋሳን፣ በ1974 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን አመለሸጋን ወልደዋል። አቶ ፈየራ በእነዚያ ዓመታት ከሥራ ሰዓት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ያስተምሩ ነበር። እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጉደር ወንዝ ይወርዱና፣ ዓሣ እናጠምዳለን ብለው ሄደው ሁልጊዜ ያለ ዓሣ ይመለሱ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ለሸንጎ ምርጫ መራጮች ሲመዘገቡ አቶ ፈየራ የወንጪን አካባቢ ምዝገባ እንዲያስተባብሩ ተመደቡ። ወደ ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ የሚመጣው የቤቱ አባወራ ብቻ ስለነበር የብዙ ሴቶች ስም ከመዝገቡ ቀረ። አቶ ፈየራም ለኃላፊያቸው፣ “ሰው ለምዝገባ ብሎ ሥራውን አይፈታም፤ ለራሱ ጉዳይ በመጣበት መሥሪያ ቤት እንመዝግበው” የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተፈቅዶ ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣ ገበሬ በግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ልጇን ልታስከትብ የመጣች እናት በጤና ጣቢያ መመዝገብ ጀመሩ። በጤና ጣቢያው የነበሩት ሲስተር ኢትዮጵያ ፈይሳ፣ “ኦቦ ፈየራ፣ እኔ ልጁን አስለቅሳለሁ፣ እርስዎ እናቱን ያስፈርማሉ፤ ነገ ወደዚህ የሚመጣ ሰው አናገኝም” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሴቶቹ ግን መጡ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሴቶች በጤና ጣቢያው ተመዘገቡ።

የጤና ጣቢያውና የገበሬ ማኅበሩ ዝርዝሮች ሲደመሩ የሴቶቹ ቁጥር በአካባቢው ካሉት ሴቶች በለጠ። በዚያ ዘመን የሌለ ሰው መዝግቧል መባል ቀላል ነገር አልነበረም። ኃላፊያቸው ጠርተው፣ “ፈየራ፣ የጤና ጣቢያውን ዝርዝር በሙሉ ሰርዘህ ፈርምና እንገላገል” አሏቸው። አቶ ፈየራ ስህተቱን አውቀውት ነበር። በአካባቢው ልማድ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላታለች። አባወራዎቹ ሚስቶቻቸውን ያስመዘገቡት በዚህ በቤት ስማቸው ነበር። ሴቶቹ ግን ጤና ጣቢያ ላይ ስምሽ ማነው ተብለው ሲጠየቁ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም ተናገሩ። የወንጪ ልጅ ሆነው ይህን አስቀድመው አለማሰባቸውን አቶ ፈየራ ለራሳቸው ይቅር አላሉም። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ በሙሉ ከተሰረዘ በጤና ጣቢያ ብቻ የተመዘገቡት ሴቶች የምርጫ ካርድ ሳያገኙ መቅረታቸው ነበር። አልፈርምም ብለው ዝርዝሩን የሚያጣሩበት ስምንት ቀን ጠየቁ። ባለቤታቸው ፈርመው እንዲገላገሉ መክረዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን በማግሥቱ ፈረስ ጫኑ።

ሁለቱንም ስም የሚያገናኝ ሰው ከአማቶች በቀር ስላልነበረ፣ አቶ ፈየራ በየገበሬ ማኅበሩ ደጅ አማቶችን ከነምራቶቻቸው ሰበሰቡ። ከነዚያ ስምንት ቀናት አንዱን ለቤተሰባቸው ደጋግመው ያወሩት ነበር። አንዲት አማት ተነሥተው፣ “ይህች ባየሽ ናት፤ ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ስም ከነበራትም ደጃፌ ላይ ትታው ነው የገባችው” አሉ። ምራታቸው ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳ፣ “አልተውኩትም፤ ወርቂቱ ነኝ” አለች። አማትየው፣ “አሥራ አንድ ዓመት ቤቴ ኖረሽ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?” ቢሏት፣ “ማን ጠይቆኝ?” ብላ መለሰች። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ፤ አማትየውም ሳይወዱ ሳቁ። አቶ ፈየራ በየትኛው ስም ካርድ እንደምትፈልግ ሲጠይቋት፣ “ካርዱን በወርቂቱ ጻፉልኝ፤ ቤት ስገባ ባየሽ እሆናለሁ” አለች። ሌሎቹንም አንድ በአንድ እንዲሁ ጠየቁ። አንዳንዶቹ የእናታቸውን፣ አንዳንዶቹ የአማታቸውን ስም መረጡ።

በስምንተኛው ቀን አንድ መቶ ሠላሳ አንዱ ስም ድግግሞሽ መሆኑ፣ ሰማንያ ሦስቱ ሴቶች ግን ከጤና ጣቢያው ዝርዝር በቀር የትም አለመመዝገባቸው ታወቀ። ዝርዝሩ ታርሞ ገባ፤ ሰማንያ ሦስቱም ካርዳቸውን ወሰዱ። አቶ ፈየራ ስህተቱ የራሳቸው መሆኑንና ሲስተር ኢትዮጵያን እንደማይመለከት በጽሑፍ አስታወቁ። ስለ ምርጫው የሚባለውን እርሳቸው አይናገሩም ነበር። እነዚያ ሴቶች በምርጫው ዕለት ስማቸው ሲጠራ “አቤት” ብለው ወደ ጠረጴዛው ሲሄዱ ማየታቸውን ግን ያነሡት ነበር።

በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ በደረጃቸው ዝቅ ተደርገው ወደ ባኮ ተዛወሩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አምቦ ቀሩ። አቶ ፈየራ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በቆሎ በጫነ መኪና ጋቢና ተሳፍረው ይመጡ ነበር። ልጆቻቸው ከአስፋልቱ ዳር ቆመው የሚመጣውን መኪና ሁሉ ይቆጥሩ ነበር። ሲወርዱ ፀጉራቸው ላይ የበቆሎ ገለባ አይጠፋም፤ አመለሸጋ እያነሣች በኪሷ ታስቀምጠው ነበር። ስለ ዝውውሩ አማርረው የተናገሩበት ቀን የለም።

በባኮ ቆላ ወባ ደጋግሞ ያዛቸው። በ1982 ዓ.ም. ክረምት ጉበታቸው መጎዳቱ ታውቆ በሕክምና ፈቃድ ወደ አምቦ ተመለሱ። በዚያ ጊዜ ከወንጪ በፈረስና በእግር እየወረዱ የሚጠይቋቸው ብዙ ነበሩ። አቶ ፈየራ ሁሉንም በስማቸው ጠርተው ከነልጆቻቸው ጤና ይጠይቁ ነበር፤ ድካም በበረታባቸው ሳምንታት እንኳ አንድም ስም አልተሳሳቱም። በአምቦ ሆስፒታል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 5 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ዛሬ የካቲት 6 ቀን ሥርዓተ ቀብራቸው በተወለዱበት በወንጪ ይፈጸማል።

አቶ ፈየራ እናታቸውን ወ/ሮ አስካለች ነጋሳን፣ ሁለት ታላላቅ ወንድሞቻቸውን፣ ልጆቻቸውን ነጋሳንና አመለሸጋን፣ እንዲሁም ባለቤታቸውን ወ/ሮ ውባየሁ ጥሩሰውን ትተው ሄደዋል። ወ/ሮ አስካለች በሠርጉ ዕለት ለምራታቸው ደራርቱ የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። አቶ ፈየራ በሰው ፊት ውባየሁ፣ ቤታቸው ሲገቡ ደራርቱ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ከእንግዲህ በዚያ ስም የሚጠሯቸው አማታቸው ብቻ ናቸው።

የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን፤ ለእናታቸውም ለልጆቻቸውም የሚያጸና ጉልበት ይስጥልን። አሜን።